ለማሽን የተነገረ ውሸት

ይህን ታሪክ የምተርከው ኮምፒውተር ለሚያውቅም ለማያውቅም ነው፤ ነገሩ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የእኛን አመል ይመለከታልና። እንግዳ ድንገት ሲመጣብን ማጀታችን ባዶ ሆኖ ሳለ «ኧረ ሞልቷል፣ ግቡ» እንላለን። ይህ ደግ አመል ነው፤ እንግዳውም ቢያንስ ቆሎ ቀምሶ፣ መርቆ ይሄዳል። ይኸው አመል ቢሮ ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ሰው ይገድላል። እንዴት አድርጎ እንደሚገድል አላምረው ያውቃል።

አላምረው የደብረ ታቦር ልጅ ነው። በ1980 ዓ.ም. ቆቦ ላይ በነበረ አንድ የርዳታ እህል ጣቢያ የጽሕፈትና የመረጃ ሠራተኛ ሆኖ ተመደበ። አዲስ አበባ አጭር የኮምፒውተር ትምህርት ተከታትሏል። ሥራውን ያውቃል፤ አይሰርቅም፤ አያረፍድም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ አለቃ ፊት ሲቆም አፉ «እሺ» ማለት ይቀናዋል። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር። እንዲያውም ያሾም ነበር።

በዚያ ዓመት የራያን ቆላ ዝናብ ከዳው። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን የሚያጠጣው ገበሬ ክረምቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሲያይ ከረመ። በአውራ ጎዳናው የጦር ካሚዮን ወታደር ጭኖ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ቁስለኛ ጭኖ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የጣቢያው ሥራ ከየቀበሌው የሚሰማውን ችግር አጠናቅሮ በየወሩ ደሴ ላለው ዋና ቢሮ ማሳወቅ ነበር። ደሴ ሪፖርቱን አይታ እህል የጫነ መኪና ትልካለች። በሪፖርቱ ላይ ስሙ ያልተነሳ ቀበሌ እንዳልተራበ ይቆጠራል።

ኮምፒውተሩ የመጣው በዚህ መካከል ነው። አዲስ አበባ አዳዲስ ማሽኖች ስታገኝ አሮጌዎቹን ለደሴ ሰጠች፤ ደሴ ደግሞ ከአሮጌዎቹ መካከል እጅግ ያረጀውን መርጣ ለቆቦ ላከች። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ካሣዬ ግን ማሽኑን እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሉት። ክፍሉ ኖራ ተቀባ፤ በሩ ላይ በቀይ ጨርቅ መፈክር ተሰቀለ፤ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተደፈነና ሙቀቱ የሚያስቀምጥ አልሆነም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አላምረው ክዳኑን ፈትቶ ወደ ውስጥ አየ። የማሽኑን ማስታወሻ የሚይዙት ቁራጮች ከሚሰኩባቸው ቦታዎች እኩሌታዎቹ ባዶ ነበሩ። ማሽኑ በመልኩ የደሴውን ይምሰል እንጂ የመያዝ አቅሙ ከግማሽ አይበልጥም።

ከማሽኑ ጋር አንድ የጽሑፍ ፕሮግራም መጥቷል። ኤዲተር ይሉታል፤ የሚጻፈውን ይቀበላል፣ ያርማል፣ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የዚያን ጊዜ ማሽኖች ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ስለነበር ኤዲተሩ የሚላከው ተሠርቶ አልቆ አልነበረም፤ የተጻፈበት ኮድ፣ ማለት የትእዛዙ ጽሑፍ፣ እንዳለ ይላካል። ባለሙያው የኮዱን መጀመሪያ ገጽ ይከፍትና ለራሱ ማሽን የሚስማማውን ይሞላል፦ ጽሑፉ የሚታይበት የማሽኑ መስኮት ምን ያህል መስመር ያሳያል፣ ቁልፎቹ ምን ዓይነት ናቸው፣ ማስታወሻው ምን ያህል ይይዛል። ከዚያ ኮዱ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይለወጣል። ኤዲተሩ ማሽኑን ከፍቶ አያይም፤ ሰው የነገረውን አምኖ ነው የሚሠራው።

አላምረው በመጀመሪያ ያለውን ልክ ሞላ። ኤዲተሩን ከዚያ አሮጌ መስኮት ጋር ለማስማማት ብዙ ደከመ። ፊደሉ ተዘባርቆ ይወጣል፣ መስመሩ ይዘላል፣ ሥራው መልክ ሊይዝ ሲል ጄኔሬተሩ ይጠፋል። በመጨረሻ ግን ተሳካለት። ኤዲተሩ የሚይዘው ትንሽ ቢሆንም ልኩን ያውቅ ነበር። ሲሞላ ሥራውን ያቆምና «ሞልቷል፣ አስቀምጥና በሌላ ቀጥል» ይላል። ይህን ማስጠንቀቂያ አላምረው ራሱ ነበር በአማርኛ ያስገባበት። አማርኛ ስል ግን በላቲን ፊደል ነው፤ ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅማ። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አንዷ «ቆ» የሁለት ፊደል ቦታ ትፈጃለች፣ አንዷ «ጯ» የአራት። በእጅ ሲጻፍ አጭር የነበረው ወሬ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ እንደ ባቄላ ንፍሮ ያብጣል። ስለዚህ ኤዲተሩ ቶሎ ቶሎ «ሞልቷል» ማለቱ አልቀረም።

መዘዙ የመጣው በምረቃው ቀን ነው። ከአውራጃው እንግዶች መጥተው ከኋላ ቆመዋል። ጓድ ካሣዬ ድምፃቸውን ጠርገው ስለ አዲሱ ሪፐብሊክ ምሥረታ ያዘጋጁትን ረጅም መግቢያ ሲያነቡ አላምረው ይጽፋል። መግቢያው ገና መሐሉ ላይ ሳይደርስ ማሽኑ ቀጥ አለና «ሞልቷል» አለ። ከእንግዶቹ አንዱ «ገና ከአሁኑ ጠገበ?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ጓድ ካሣዬ አልሳቁም። ቆቦ ከደሴ እኩል የሆነ ማሽን ተክላለች ብለው አስቀድመው ለበላይ አስታውቀው ነበር።

በማግሥቱ አላምረውን አስጠሩት። ደሴዎች ያን የማስታወሻ ቁጥር ስንት ብለው እንደሞሉት ጠየቁት። የእነሱ ከኛ እጥፍ በላይ ነው አላቸው።

«እንግዲያው የእነሱን ቁጥር ሙላ» አሉ።

«ጓድ ካሣዬ፣ ይህ የተመኘነውን የምንጽፍበት ቦታ አይደለም። ቁና ላይ ዳውላ ብለን ብንጽፍበት ዳውላ አይይዝም፤ የተረፈው ይፈሳል።»

«የት ነው የሚፈሰው?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ማሽኑም አያውቅም። ያለ የሚመስለው ነገር አንድ ቀን ይጠፋል።»

ጓድ ካሣዬ ተነስተው በሩን ዘጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ማለት ይገባኛል። የፈሩ ሰው ነበሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉት፦

«ስማኝ ልጄ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የአብዮቱ በዓል ድግስ ሲደገስ፣ 'የኔ ወረዳ ሰው እያለቀ ነው' ብሎ እውነቱን የጻፈ ባልንጀራ ነበረኝ። የት እንደገባ ሚስቱም አታውቅ። እኔ ልጆች አሉኝ። ማሽናችን ሙሉ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ተመልሼ ጎዶሎ ነው አልልም። ደግሞስ ቁጥሩን ከፍቶ የሚያየው ማነው?»

አላምረው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ማሽኑ ያየዋል ሊል ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የአያቶቹ ተረት መጣበትና «እሺ» ብሎ ወጣ። ተጨማሪ ቁራጭ እስኪመጣልን ድረስ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። የደሴን ቁጥር ሞላ፤ ኮዱን ለወጠ፤ በአጭር ጽሑፍ ሞከረው፤ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ «ሞልቷል» ብሎ አያውቅም። ሁሉም ዝምታውን እንደ ጤና ቆጠረው። የተጻፈ ነገር ተቀምጦ እንደሆነ መልሶ ማንበብ ደንብ ነበር፤ ይሁንና የማተሚያው ቀለም ደርቋል፣ መስኮት ላይ ለማንበብ ደግሞ ናፍጣ ይፈጃል ተባለና ቀረ።

አያ እንድሪስ ወደ ጣቢያው የመጡት የወሩ ሪፖርት በሚጻፍበት ቀን ነው። አያ እንድሪስ ከቆቦ በስተምሥራቅ ቆላው ውስጥ ያለችው የሐሮ ጉቱ ቀበሌ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። የመንደሯ ስም በአሮጌዎቹ ኦሮምኛ ሙሉ ኩሬ ማለት ነው ይላሉ፤ ኩሬው ግን ከደረቀ ሰንብቷል። ከብቱ እንዳለቀ፣ ዘሩ እንደተበላ፣ ሰው ቅጠል መቀቀል እንደጀመረ ለጓድ ካሣዬና ለአላምረው ነገሯቸው። ስለ መንደሩ ሲያወሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። የመጨረሻ ልጃቸው አሲያ አራስ መሆኗን፣ ጡቷ መድረቁን ሲናገሩ ግን ጥምጣማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

የመንደሩ ሰው ለሁለት ተከፍሏል አሉ። ጎልማሶቹ ጉልበት ሳይከዳን ወደ ጎብዬና ወደ ወልድያ እንውጣ፣ አስፋልት ዳር ከተቀመጥን የሚያይ ያየናል ይላሉ። መንገድ ላይ ሕፃናትና አሮጊቶች ይቀራሉ ብለው የሚፈሩም አሉ። «አሁን የኔን ቃል እየጠበቁ ነው» አሉ። «ቁርጡን ንገሩኝ። እህል ይመጣል ወይስ ልበትናቸው?»

ጓድ ካሣዬ እህሉ ደሴ መጋዘን ውስጥ መኖሩን፣ ሪፖርቱ በደረሰ በሳምንቱ መኪና እንደሚነሳ አስረዱ። ይህ እውነት ነበር። እህሉ በእርግጥ ነበረ።

አላምረው ሽማግሌውን ወደ ማሽኑ ክፍል አስገባቸው። ሪፖርቱ እንደ ልማዱ መፈክር አስቀድሞ፣ የበዓል ሰላምታ አስከትሎ፣ የዘመቻውን ውጤት፣ የስብሰባውን ብዛት፣ የከተማውን ጽዳት ዘርዝሮ ወደ ደጋው ቀበሌዎች አለፈ። ከዚያ አስፋልት ዳር ያሉትን ሮቢትን ጠራ፤ ጎብዬን ጠራ። ቆላው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። የሐሮ ጉቱ ተራ ሲደርስ አላምረው ሽማግሌው የነገሩትን ሁሉ ሳያስቀር ጻፈና መስኮቱን በጣቱ ነካ።

«አያ፣ ይቺ ናት ሐሮ ጉቱ። ከሥሯ ያለው እርስዎ ያሉት ነው።»

አያ እንድሪስ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ፊደሉም የፈረንጅ ነው። ቢሆንም ወደ መስኮቱ ተጠግተው ያቺን አረንጓዴ ብርሃን ትክ ብለው አዩዋት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያስ ተጽፏል እላቸዋለሁ። ማንም አይነሳ እላለሁ።»

«አብሽሩ አያ፣ አይነሱ» አላቸው አላምረው። ይህን ቃል በአፉ ተናግሯል።

ሽማግሌው እንደወጡ ጽሑፉን ዲስክ ላይ አስቀመጠ። ማሽኑ ምንም አላለም። ዲስኩ በወረቀት ተጠቀለለና ለጣቢያው ሹፌር ለይርጋ ተሰጠ። ይርጋም በማግሥቱ ለደሴ አደረሰ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መኪናዎች መጡ፤ ለደጋው እህል አራገፉ፤ ለሮቢት አራገፉ፤ ለጎብዬ አራገፉ። ወደ ቆላ የሚታጠፍ መኪና አልነበረም። አላምረው ጓድ ካሣዬን ሲጠይቃቸው ተራው ይደርሳል ይሉታል። ከሐሮ ጉቱ ሰው መጥቶ ሲጠይቀው እሱም ያንኑ ይላል፦ ተራው ይደርሳል፣ ተጽፏል። መጀመሪያ የሚመጣው ጎልማሳ ነበር፣ ቀጥሎ በዱላ የሚደገፍ መጣ። በኋላ የሚመጣ ሰው ጠፋ። አላምረው ይህንንም መልካም ምልክት ነው ብሎ ተረጎመው፤ የምስኪን ልብ ለራሱ የማይተረጉመው ነገር የለም።

እናትነሽ የወልድያ ልጅ ናት፤ የቆቦ ጤና ረዳት ነበረች። በበቅሎ ቆላውን ዞራ ተመለሰችና በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጣች። ፊቷን አልታጠበችም፤ ውኃ ሲሰጧትም አልጠጣችም። በሐሮ ጉቱ ከየቤቱ ጭስ እንደማይወጣ ተናገረች። ሰዎቹን ለምን አልወጣችሁም፣ ለምን መንገድ ዳር አልመጣችሁም ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«'ተጽፎልናል' አሉኝ» አለች። «'ሊቀመንበሩ በዓይናቸው አይተዋል፣ እየጠበቅን ነው' አሉኝ። አንተ ነህ የምትጽፈው። ምን ብለህ ነው የጻፍኸው?»

አላምረው ጄኔሬተሩን አስነሳ። ለጣቢያው የቀረውን የዲስኩን ግልባጭ አስገባና በደንቡ ሊያደርገው ይገባው የነበረውን ያን ጊዜ አደረገ፤ አነበበ። መፈክሩ አለ። ሰላምታው አለ። የዘመቻው ውጤት፣ ስብሰባው፣ የከተማው ጽዳት አንድ ፊደል ሳይጎድል አለ። ደጋው አለ፤ ሮቢት አለ፤ ጎብዬ አለ። ከዚያ በኋላ «የቆላ ቀበሌዎችን በሚመለከት ሁ» ይላል። «ሁኔታው» ሊል ነበር። ከ«ሁ» በኋላ ምንም የለም።

ለአያ እንድሪስ በጣቱ ያሳያቸው ጽሑፍ ለጊዜው መስኮቱ ላይ የታየ እንጂ የተያዘ አልነበረም። ማሽኑ ባለው ልክ ያዘ፤ ከልኩ ያለፈውን ጣለ፤ ሞልቷል እንዳይል ደግሞ አፉን የዘጋው ራሱ አላምረው ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናትነሽ ታመመ ብላ ትኩሳቱን ልትለካ ጎንበስ ስትል እጇን ገፋ። ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችውና ወጥታ በቅሎዋን እንደገና መጫን ጀመረች።

ጓድ ካሣዬ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዲስኩ በሙቀት ተበላሸ እንበል አሉ። ቆቦ ሙቀት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ማንም አይጠይቅም፤ ሌላ ሪፖርት እንልካለን።

«ዲስክ ተበላሸብን ብንል ዲስክ ይልኩልናል» አለ አላምረው። «እህል አይልኩልንም። የሆነውን እንደሆነ ካልነገርናቸው አይቸኩሉም።»

«እስር ቤት ነው የምትገባው።»

«እገባለሁ።»

ጓድ ካሣዬ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ይርጋ መኪናውን ሊያሠራ ወደ ደሴ ይሄዳል» አሉ። «ማን አብሮት እንደሚሄድ እኔ አላየሁም።» ከእሳቸው የተገኘው ድፍረት ይህ ብቻ ነበር፤ ያም ቢሆን አላምረው ከእሳቸው ያልጠበቀው ነበር።

አላምረው በእጁ አንድ ወረቀት ጻፈ። መፈክር የለበትም፤ ሰላምታም የለበትም። የመጀመሪያው መስመር «የሐሮ ጉቱ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነው» ይላል። ሁለተኛው መስመር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት ያለ አጀብ አይኬድም ነበርና ወልድያ ላይ ታግደው ዋሉ፣ አደሩ፣ ደግሞ ዋሉ። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ወታደሩ የኬላውን እንጨት እስኪያነሳ ሲጠብቅ አላምረው የሚያየው መንገዱን አልነበረም፤ ወደ ማሽኑ መስኮት የተጠጋውን የሽማግሌውን ፊት ነበር።

ደሴ ላይ የተቀበሉት ኃላፊ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ያለፈውን ሪፖርት አስታወሱት። «ግሩም ሪፖርት ነበር እኮ» አሉ ግራ በመጋባት። «ከመጡልን ሁሉ አጭርና ጥርት ያለ ነው ብለን በስብሰባ ላይ አመስግነናችኋል። የመጨረሻዋን የተቆረጠች መስመር የጽሕፈት ስሕተት ናት ብለን አለፍናት፤ ቆላው ደህና ነው ማለት ነው ብለን እህሉን ወደ ሌላ አዞርነው።» ሰውዬው ስልኩን አነሱ። መኪናዎቹ በማግሥቱ ተጫኑ።

አላምረው ወደ ቆቦ እንደተመለሰ አስቀድሞ የማሽኑን ክፍል ከፈተ። የኮዱን መጀመሪያ ገጽ አወጣ፤ ያን ቁጥር ሰርዞ ያለውን ልክ ሞላ፤ ኤዲተሩንም እንደገና ሠራው። ማንንም አላስፈቀደም። ከዚያ እህል ከጫነው የመጀመሪያ መኪና ላይ ወጣ።

ወደ ሐሮ ጉቱ ሲገቡ ልጆች እየጮሁ የሚከተሉት መኪና አልነበረም። ሰው ከየጎጆው ቀስ እያለ ወጣ፤ የማይወጡም ነበሩ። ከመንደሩ ወዲያ አፈሩ ገና ያልደረቀ መቃብር ብዙ ነበር። እናትነሽ ቀድማ ደርሳ አንዲት ድስት ወተት በጥብጣ ለሕፃናት በማንኪያ እየሰጠች ነው። አላምረውን አየችው፤ ሰላም አላለችውም።

አያ እንድሪስ ከደረቀው ኩሬ ዳር ተቀምጠው ነበር። አላምረው አጠገባቸው ተንበርክኮ ስለ አሲያ ጠየቀ።

«ሕፃኑ ቀደመ» አሉ። «እሷም ተከተለችው። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ መኪናዎቹ ሄደ። «መንገድ ነው ያዘገያቸው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ቢል የሚያምነው ሰው ነበር። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ያልሰማ የለም። ውሸቷ ተሰናድታ ምላሱ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አይደለም አያ» አለ አላምረው። «የእናንተ ነገር ደሴ ደርሶ አያውቅም።»

«በጣትህ አሳየኸኝ እኮ።»

«ማሽኑ የሚይዘው ትንሽ ነው። እኔ ብዙ ይይዛል ብዬ ጻፍሁበት። ትንሽ ነው ማለት አሳፍሮን ነው። ከልኩ ያለፈውን ጣለው፤ እናንተ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነበራችሁ።»

ሽማግሌው ጠየቁ፦ «ከኛ በፊት ምን ነበረ?»

«መፈክር። የበዓል ሰላምታ። የዘመቻ ውጤት።»

«እሱ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

አያ እንድሪስ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለ ነበር። አላምረው ይቅርታ ሲጠይቅ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«ለእኔ ብቻ አትንገረኝ» አሉ። «ጎልማሶቹ ሊወጡ ተነስተው ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ የመለስኋቸው እኔ ነኝ። ተጽፏል ብዬ በአላህ ምዬ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። አሲያ ባሏን ተከትላ ልትወጣ ልብሷን ጠቅልላ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስፈታኋት። ዛሬ ያየኝ ሁሉ ዝም ይለኛል። ተነሥና ለነሱ ንገራቸው። አለዚያ የገደልኋቸው እኔ ነኝ።»

አላምረው ተነሣ። ሰው እህል ሊቀበል ተሰብስቦ ነበር። ስሙን ነገራቸው፤ ሥራውን ነገራቸው። ሊቀመንበሩ እንዳልዋሹ፣ ያዩትን በእውነት እንዳዩ፣ የዋሸው እሱ እንደሆነ ነገራቸው፤ ለማሽን የነገረውን ውሸት ማሽን የማያውቅ ሰው በሚገባው ቋንቋ አስረዳቸው። ጓድ ካሣዬ አዝዘውኝ ነው አላለም። አዝዘውት እንደነበር እውነት ነው፤ እሺ ያለው አፍ ግን የራሱ ነበር። ሲጨርስ አንድ ጎልማሳ ድንጋይ አነሣ፤ አያ እንድሪስ ሲያዩት መልሶ ጣለው። በሊቀመንበሩ ቃል መንደሩ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ወደ ሽማግሌው ሄደው በየተራ እጃቸውን ሳሙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ለሽማግሌው የሰጣቸው የመጀመሪያ ሰላምታ ይህ ነበር።

ሙሚና የሚሏት አሮጊት ብቻ ወደ አላምረው ጠጋ አለች።

«አሁንስ ማሽኑን ምን አልኸው?»

«ያለውን ልክ ነገርሁት እማማ።»

«ያኔስ ይህን መንገር ምን ከበደህ?»

አላምረው ለቅጣት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላም ለዚህ መልስ አላገኘሁም ይላል። ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። ስለ ማሽን ቢሆን፣ ስለ ጎተራ ቢሆን፣ ስለ ራሳችን ጉልበት ቢሆን ምን ያህል ትይዛለህ ተብለን ስንጠየቅ ማፈር ይቀድመናል። ሪፖርት የምትጽፉ፣ ፍሬ ነገሩን ከሰላምታው አስቀድሙት፤ የጻፋችሁትንም መልሳችሁ አንብቡት። የጎደለውን ጎደለ ማለት ለአንድ ቀን ያሳፍር ይሆናል። «ተጽፏል» ተብሎ፣ የጠቀለለውን ልብስ ፈትቶ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀን ሰው ግን ከዚያ ቀን በላይ ዕድሜ ላይኖረው ይችላል።